ግልጽ ደብዳቤ፦ ድልድያችንን የሚጠብቀው ጀሪካን ነው

መንገዳችን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ መዝገብ ቤታችሁ ገብተዋል፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂያቸው እጄ ላይ አለ። በአካልም መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ምናልባት ስብሰባው አልቆ ከሆነ ብዬ ይኸው በአደባባይ ጻፍኩልዎት።

ቁርስ ቤቴ ከድልድዩ መቶ እርምጃ አይርቅም። ቁልቁለቱ እንዳለቀ ኩርባ ነው፤ ከኩርባው ወዲያው ድልድዩ። ባለፈው ዓመት አንድ የጭነት መኪና የግራውን መከላከያ ብረት ይዞት ወንዝ ገባ። ሹፌሩ ተረፈ። ብረቱ ግን እስካሁን እዚያው ነው፤ በበጋ ውሃው ሲጎድል ጫፉ ይታያል። እኛ ክፍተቱ ላይ ገመድ ወጥረን ቢጫ ጀሪካን አንጠለጠልንበት፣ ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት እንዲታይ። ባለሙያችሁ መጣ። በስልኩ ፎቶ አነሳው። «ጥሩ ዘዴ ነው» አለና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

በጥቅምት አንድ ሚኒባስ በዚያው ክፍተት ገባ። ከሞቱት አንዷ ጠዋት ጠዋት ቲማቲም የምታመጣልኝ ሴት ነበረች። የሳምንት ሂሳቧ እኔ ጋ ነበር። አስከሬኗን ያወጣነው በዚያው ገመድ ነው። ከዚያ መልሰን አሰርነው።

«ሹፌሩ ፈጥኖ ነው» ተባለ። ይሁን፣ ፈጥኗል። ቲማቲም ሻጯስ? ብረቱ ቢኖር መኪናው ይጨረማመት ነበር እንጂ ወንዝ አይገባም ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዳማ ውስጥ፣ ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሠርገኛ የጫነ አይሱዙ ድልድዩን ስቶ ገላና ወንዝ ገብቶ ከ60 በላይ ሰው አልቋል። ከዚህ በላይ ምን እስኪመጣ ነው የሚጠበቀው?

በጀት የለም እንዳይሉኝ። የመንገድ ፈንድ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ አለ። ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር እንከፍላለን፤ ገንዘቡም ለመንገድ ጥገናና ደኅንነት ነው። ይህን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ብረት ሞልቷል። እዚያ በር ላይ ስለሚከፈል ይሆን?

እኔ ዋሻ ቆፍሩልን አላልኩም። ስምንት ሜትር ብረት ነው። የለካሁትም እኔው ነኝ፤ ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ያገኙታል።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ጀሪካኑን ሌባ ወስዶታል። ገመዱንም ጭምር።