ቤት እየሠሩ ቤተሰብ ስለ መያዝ፦ ለወዳጄ

ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደ ምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽና እናትሽስ እንደ ምን አሉልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከትልቅ እስከ ትንሽ ደኅና ነን። ድምፄ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ አንቺ ግን በዓል በመጣ ቁጥር «እንኳን አደረሳችሁ» ሳትይኝ ቀርተሽ አታውቂም። ስለዚህ ፍቅርሽ ብድርሽን እሱ ይክፈልልኝ።

የመምህራን ቤት ሥራ ማኅበራችሁ ሐዋሳ ላይ ቦታ መረከቡንና አንቺም ካርታሽን መያዝሽን ስትጽፊልኝ ከልቤ ደስ አለኝ። «ሥራና ልጆች ይዤ እንዴት አድርጌ እችለዋለሁ?» ያልሽው ቃል ግን ከውስጤ አልወጣ አለ፤ እኔና ባለቤቴ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ስንተኛና ስንነሣ ኖረናል፤ ድምፄን ያጠፋውም እሱ ነው። በስልክ በጥድፊያ ከምነግርሽ ይልቅ ተረጋግቼ ልጽፍልሽ የመረጥሁት ለዚህ ነው።

ቤት ሥራ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል እንጂ «ይበቃኛል» አይልም። ገንዘብ ሲያልቅ እንቅልፍ ይጠይቃል፤ እንቅልፉን ሲወስድ የልጆቹን ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉና ቤቱ የማይነካቸውን ነገሮች ለዩ። እኛ የለየናቸው ብዙ አልነበሩም፤ የማታው ራት አብረን የምንበላበት ሰዓት፣ የልጆቹ የጥናት ጊዜ፣ የእናቴ ቤተ ክርስቲያን መሳሚያ፣ ባለቤቴም ሆስፒታል ተረኛ ሆኖ ባደረ ማግስት የሚተኛባት ረፋድ ነበሩ። ከእነዚህ ውጪ ያለውን ሁሉ ለቤቱ ሰጠነው፤ ቤቱም አላስተረፈልንም።

የእኛ ቦታ ዋልካ አፈር መሆኑን ነግሬሽ አላውቅም። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መሠረቱ እሱን አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ድረስ መቆፈር ነበረበት። ለግድግዳ ብለን ያስቀመጥነው ገንዘብ ግራውንድ ቢሙ፣ ማለት መሠረቱን ከላይ የሚያስረው አርማታ፣ ሳይታሰር ከመሬት በታች ገብቶ ቀረ። እንተወውና እናርፍ እንዳንል የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ጊዜ በውል እንዲታሰር ያዝዛል፤ የያዝነው ውልም ይህንኑ ይላል። በዚያ ላይ መንገድ ሲዘጋ ጠጠርና ፌሮ የጫነ መኪና ሳይገባ የሚከርምባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ የአካባቢያችንን ሁኔታ ስለምታውቂው አላረዝመውም። እንዲህ ባለው ጊዜ ከሠራተኛው ይልቅ የምንጨነቀው እኛ ነበርን፤ ጭንቀቱም ወደ ልጆቹ እንዳይተላለፍ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልግ ነበር።

የግንበኛውን በዓላት እዚህ ስለ ተማርሽ ታውቂያቸዋለሽ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እያለ፣ እሑዱም ተጨምሮ፣ ከወሩ ላይ ብዙ ቀን ይነሣል። ሌሎች የቤት ባለቤቶች በዚህ ሲማረሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን እነዚያን ቀናት ወደድኋቸው። ሠራተኛ በሌለበት ቀን ስልኬ አይጮኽም፣ «እትዬ፣ አሸዋ አለቀ» የሚለኝም የለም፤ ትንሹን ልጄን አጥቤ፣ የትልቋን ጸጉር ሠርቼ፣ እናቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የሥራ መርሐ ግብራችሁን ስታወጡ በዓላቱን አስቀድማችሁ ቁጠሯቸው፤ የቤተሰቡም ቀን አድርጓቸው።

በዓል የማያውቀው ውኃ ማጠጣት ብቻ ነው። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነውና በመጀመሪያው ሳምንት የተነፈገውን ውኃ ኋላ የሚክስለት የለም። የእኛ ከተማ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ኮለኖቹ፣ ማለት የአርማታ ምሰሶዎቹ፣ በተሞሉ ሰሞን ማታ ማታ በጆንያና በጭድ እንሸፍናቸው ነበር፤ ጠዋት ስንገልጣቸው እርጥቡ ጆንያ በውርጩ እንደ ጣውላ ጠንክሮ ይቆማል፣ ጭዱም ላይ ነጭ ውርጭ ይታያል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ጆንያው ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ውኃ ይጠጣል። ይህን ሥራ ከልጆቹ ጋር ተካፈልነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሁለቱ ትልልቆቹ አንድ አንድ ጀሪካን ይይዛሉ፣ ትንሹም በጣሳ ይከተላል። ለልጆች ከዚህ ያለፈ ሥራ እንዳይሰጥ አጥብቀን ተነጋግረን ነበር፤ ብሎኬት መሸከምም ሆነ መወጣጫ ላይ መውጣት ፈጽሞ ክልክል ነበር። ይህችን ግን ራሳቸው ይጠይቋት ነበር፤ እኔም አብሬያቸው ስለምሆን የዕለቱን የትምህርት ቤት ወሬ የምሰማው እዚያው ኮለን ሥር ቆሜ ነበር።

አሁን ከሁሉ የጠቀመንን ልንገርሽ። ዋናውን ቤት ከማስነሣታችን በፊት ከግቢው ጀርባ ባለሁለት ክፍል ሰርቪስ ከነመጸዳጃ ቤቱ ሠራን፤ የ2016 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባም ከኪራይ ቤት ወጥተን እዚያ ገባን። ብዙ ሰው ሰርቪስ የሚያስቀድመው ኪራይ ለማዳን ነው፤ ለእኛ ግን ከኪራዩ ይበልጥ ያዳነው ጊዜያችንን ነው። ከዚያ በፊት ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንዳችን ከልጆቹ ጋር ስንሆን አንዳችን ሥራው ቦታ እንሆናለን፤ ሲሚንቶ በማታ ከመጣ ባለቤቴ ከጥበቃው ጋር እዚያው ያድራል፤ ራታችንን ሁላችን አብረን የበላንበት ማታ እያነሰ ሄዶ ነበር። ሰርቪሱ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ማታ መኪና ቢመጣ ጋቢ ጣል አድርጎ መውጣት ብቻ ሆነ። እኔም ከክፍል ወጥቼ በምሳ ሰዓት ብቅ ስል ልጆቼንም ግንበኛውንም በአንድ ግቢ አገኛለሁ።

ጠባብነቱን አልደብቅሽም፤ ስድስት ሰው በሁለት ክፍል ነን። በክፍሎቹ መካከል ያለችውን መተላለፊያ በመጋረጃ ጋርደን የጥናት ቦታ አደረግናት። ጠረጴዛዋን አናጺው አርማታ ተሞልቶበት ከተራረፈ የካሳፎርማ ጣውላ ሠራልን፤ ቢፋቅም ያልለቀቀ ሲሚንቶ ጠርዟ ላይ አለ፤ ልጆቹም በእሱ ላይ እርሳሳቸውን ያሾላሉ። እናቴ ጉልበቷን ብርድ ስለሚያማት ቀድሞ የተለሰነውንና የጠዋት ፀሐይ የሚገባውን ክፍል ለእሷ ሰጠን፤ አዲስ ልስን እርጥበቱን እስኪተፋ ድረስም አላስገባናትም። ለሙቀት ብሎ ከሰል አያይዞ በር ዘግቶ መተኛት በእኛ አገር ስንት ሰው እንደ ገደለ ታውቂያለሽና ከሰሉ ሁልጊዜ ከደጅ ይነዳል። የሴፕቲኩ ጉድጓድ በጣውላና በቆርቆሮ ጥብቅ ተደርጎ ሳይከደን ልጆቹ ግቢውን አልረገጡም፤ ምስማር ያለበት ጣውላም ማታ ማታ ይሰበሰባል። ይህን ፎርማኑ ሁልጊዜ ስለማያስታውስ ራስሽ ትጠይቂዋለሽ። ሰርቪስ ውስጥ የመኖሩ ነገር ለሁሉም ቤተሰብ ይሆናል አልልሽም፤ በሽተኛ ወይም አራስ ያለበት ቤት አቧራውን አይችለውም። የእናንተ ልጆች ከፍ ስላሉ ግን አስቢበት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የያዝነው ቁጠባና ከባንክ የተበደርነው ነበር፤ የመምህራን እቁባችንም ደርሶኝ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባው ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም ሴራሚኩም የመጸዳጃ ቤቱም ዕቃ፣ አብሮ ወጣ። የዋናው ቤት ፌሮ ከዚያ በፊት ተገዝቶ ስለ ነበር እፎይ አልን፤ ሴራሚኩን ግን ተውነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ ማለት የተለሰነ ሲሚንቶ ብቻ፣ ይሆናል። ምንጣፍ ከተነጠፈበት ማንም አይበርደውም።

በዚያ ሰሞን በቤታችን ከባዱ ነገር ከዋጋው ይልቅ ወሬው ነበር። ራት ላይ ቆርቆሮ፣ መኝታ ላይ ቧንቧ፣ ጠዋት ደግሞ የቀን ሠራተኛ ክፍያ እያልን ልጆቹ ዝም ብለው ያዩን ነበር። ባለቤቴ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ የቤቱ ሒሳብ የሚነሣው ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ብቻ ይሁን፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር በሌላ ቀን ማንም አያንሣው አለ። እናቴ ታፈላለች፣ መካከለኛው ልጄ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ ብሎ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የሚጽፈው እሱ ነው፤ የሲሚንቶ ከረጢቱን ቁጥር ከጥበቃው ጋር የሚያመሳክረውም እሱው ነው። ሦስተኛው ስኒ ሲጠጣ ደብተሩ ይዘጋል። አንዳንድ ቅዳሜ ሳንስማማ ተዘግቷል፤ እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አንዳችን ሐሳባችንን አብርደን እንመጣለን። ይህ ሥርዓት ትዳሬን ጠብቆልኛል ብል ማጋነን አይደለም።

ከሠራተኞች ጋር ስለሚኖርሽ ነገር አንድ ብቻ ልንገርሽ። መጀመሪያ ላይ «አባወራው የሉም ወይ?» ይሉሻል። የእጅ ዋጋውን በካሬ ተዋዋዪ፣ ክፍያውን በተለካ ሥራ ልክ ክፈዪ፣ አርማታ በሚሞላበት ቀን ከቦታው አትጥፊ፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ለሁለት የመለኪያ ሣጥን አሸዋና ለሦስት ሣጥን ጠጠር መሆኑን ቆመሽ ስትቆጥሪ ካዩሽ አባወራውን መጠየቅ ይተዋሉ። ምሳቸውንም አብስይላቸው። ግድግዳውን ከላይ የሚያስረው አርማታ፣ ቶፕ ታይ ቢሙ፣ የተሞላው በሁዳዴ ስለ ነበር በግ ማረድ አልተቻለም፤ እናቴ በትልቁ ድስት ምስር ወጥ ሠርታ፣ ጠላ ቀድታ አበላቻቸው፤ ያንን ምሳ እስከ ዛሬ ያነሡታል።

ትልቋ ልጄ ባለፈው ዓመት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ተፈታኝ ነበረች። ግንቦት ላይ ቆርቆሮው እንደ ተመታ ሥራውን አቆምን። ዘመድ ሁሉ «አሁን ካቆማችሁ ልስኑ ነገ በእጥፍ ይመጣል» አለን። እኛም ይህን እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ያቺ ልጅ መሠረት ከተቆፈረ ጀምሮ በመዶሻና በማደባለቂያ ድምፅ መካከል ስታጠና የኖረች ናት፤ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በጸጥታ ልታጠና ይገባታል ብለን ቆረጥን። ግቢው ጸጥ ሲል ለካ ሁላችንም ደክመን ኖሯል፤ እናቴ እንኳ ቀን ቀን እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ልጄ ፈተናዋን አልፋ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። ልስኑን የጀመርነው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ የፈራነው ጭማሪም በእርግጥ መጥቷል፤ የሳሎኑ ኮርኒስ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል።

የእናንተ አገር ነገር ከእኛ ይለያል። ሐዋሳ ውርጭ የለም፤ ዝናቡ ግን ከእኛ ቀድሞ ስለሚጀምር ጣሪያውን እስከ ሰኔ አታቆዪው። ቦታው ወደ ሐይቁ የቀረበ ከሆነም ጎረቤቶችሽን የከርሰ ምድሩ ውኃ በክረምት እስከ የት እንደሚወጣ ጠይቂ፤ ሴፕቲኩ የት እንደሚቆፈር የሚወስነው እሱ ነው። ፕላኑን ከማስጸደቅሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ሰርቪሱ ከዋናው ቤት ምን ያህል እንደ ራቀና የኩሽናው በር ወደ የት እንደሚከፈት ማየት እፈልጋለሁ። ባለቤቴም የፌሮውን ዝርዝር ያየዋል፤ በዚህ ሥራ ሳይወድ ባለሙያ ሆኗል።

እናትሽ ከእናንተ ጋር ሊኖሩ ነው ወይስ ወንድምሽ ዘንድ ይቆያሉ? እሱን ሳልሰማ ስለ ክፍሎቹ ብዛት ምንም ልልሽ አልችልም፤ ስለዚህ በቶሎ ጻፊልኝ። ለጥር ዕረፍት ልጆቹን ይዛችሁ ብትመጡ ቦታ አይጠፋም፤ ከዋናው ቤት ሁለቱ ክፍሎች እስከዚያ በርና መስኮት ይኖራቸዋል፤ ወፍራም ብርድ ልብስም አዘጋጃለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ እህትሽ