«ጂፒኤስ እያለ ችካል ለምን?» ለሚሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋ ውስጥ የመንገድ ሥራ በተጀመረ ቁጥር «በሳተላይት ዘመን ቀያሽ ችካል ይዞ ወራት የሚንከራተተው ለምንድን ነው?» ሲባል እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ባለው መስመር ግን ነገሩ ከሌላው ቦታ ይከብዳል።

ሲጀመር የጂፒኤስ መሣሪያው መንገዱ በየት ይሂድ የሚለውን አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሐረርን ትቶ እዚህ ግርጌ የደረሰው፣ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው፣ ተራራው ለሐዲድ ስላልተመቸ ነው። መኪና ከባቡር የተሻለ ዳገት ይወጣል። ቢሆንም 700 ሜትር ከፍታ በ7 በመቶ ዳገት ለመውጣት 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ያስፈልጋል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የደንገጎ ተራራ መንገድ ጥምዝምዝ የመጣው ከዚህ ሒሳብ ነው።

ስሕተትም የሚወለደው ኩርባ ላይ ነው። መሐል መስመሩ በስቴሽን ይቆጠራል፤ 2+340 ማለት ከመነሻው 2 ኪሎ ሜትር ከ340 ሜትር ነው። ሁለት ቀጥታ መስመሮች እዚህ ላይ ቢገናኙ፣ መታጠፊያው 40 ዲግሪ፣ ራዲየሱ 100 ሜትር ቢሆን፣ ታንጀንቱ (ከመገናኛው እስከ ኩርባው መነሻ ያለው ርቀት) 36.40፣ የኩርባው ርዝመት 69.81 ሜትር ይሆናል። ኩርባው 2+303.60 ላይ ይጀምራል፤ ርዝመቱ ሲደመርበት 2+373.41 ላይ ያልቃል። ጀማሪ ግን ታንጀንቱን መገናኛው ላይ ደምሮ 2+376.40 ብሎ ይጽፋል። የሌለ 3 ሜትር መንገድ ተጨመረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ካልቨርት (ከመንገድ ሥር ውኃ የሚያሳልፍ ቱቦ) ሁሉ ከጎርፍ መውረጃው 3 ሜትር ይንሸራተታል፤ በሚቀጥለው ኩርባ ከተደገመ ስሕተቱ ይጠራቀማል። ክረምት ሲገባ ውኃው ካልቨርቱን ትቶ ሙሌቱን ይቆርጣል፤ ወቀሳው ግን በሲሚንቶው ላይ ይሆናል።

ወደ ጂፒኤሱ ስንመጣ፣ 42ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያልፋል። ምድርን በ6 ዲግሪ ስፋት ከፋፍሎ ቦታን በሜትር በሚቆጥረው በዩቲኤም የካርታ ሥርዓት ድሬዳዋ በዞን 37፣ ሐረር በዞን 38 ውስጥ ናቸው። መስመሩን ሲሻገሩ የምሥራቅ ንባቡ ከ829,000 ገደማ ወደ 171,000 ገደማ ይወርዳል። ይህን ማንም ያየዋል። የማይታየው ነው የሚያስቸግረው፦ ዞኑ ጠርዝ ላይ ስለሆንን በካርታ ቁጥር የተሰላ ርቀት መሬት ላይ ካለው ይበልጣል። የቦታው ከፍታ ታስቦም ልዩነቱ በኪሎ ሜትር ከግማሽ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ የካርታው ርቀት ከመሬቱ ያንሳል። የዚያን ፕሮጀክት ማስተካከያ ቁጥር (የካርታውን ርቀት ወደ መሬቱ የሚቀይረውን) እንዳለ ይዞ እዚህ የሚመጣ ባለሙያ ስሕተቱን ያባብሰዋል እንጂ አያርመውም። በአዲንዳን ዳተም (ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት የተለየ የቦታ መለኪያ መነሻ) የተሠራ የቆየ ካርታ ሳይቀየር ከጂፒኤስ ንባብ ጋር ቢደራረብማ ወሰኑ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል፤ የማን አጥር እንደሚነካ አስቡት።

ከፍታው ላይ ጂፒኤስ ይበልጥ ደካማ ነው። ሜዳ በሆነ ሰፈር የውኃ መውረጃ ቦይ በ0.5 በመቶ ቢያዘቀዝቅ፣ በ20 ሜትር የሚወርደው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 3 ሳንቲ ሜትር የሚዋዥቅ ንባብ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ ከቤንችማርክ (ከፍታው ከታወቀ ምልክት) ተነስቶ በሌቭል (አግድም በሚያይ መነጽር) እና በስታፍ (ቁጥር በተጻፈበት ዘንግ) መሄድ፣ መመለስና መዝጋት፣ ማለትም መነሻው ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ መግጠሙን ማየት ግድ ይላል። ለልዩነቱ የተለመደው ገደብ የኪሎ ሜትሩ ስኩዌር ሩት በ12 ሚሊ ሜትር ሲባዛ ነው፤ ለ4 ኪሎ ሜትር 24 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ካለፈ ሥራው ይደገማል፣ ልዩነቱን አከፋፍሎ ማለፍ አይገባም።

በከተማዋ መሐል የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ የመሰለ ደረቅ አሸዋ ሲሻገሩ ደግሞ መሻገሪያውን ብቻ መለካት አይበቃም፤ ከላይም ከታችም ክሮስ ሴክሽን (የወንዙ የጎን ለጎን ቅርጽ) ይወሰዳል፣ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ግድግዳ ላይ የት እንደደረሰ የሰፈሩ ሰው ይጠየቃል።

መሐል መስመሩ ላይ በየ20 ሜትሩ፣ ጠበቅ ባለ ኩርባ በየ10 ሜትሩ የሚተከለው ችካል ዶዘር በገባ ቀን ይጠፋል፤ ይህ የታወቀ ነው። መስመሩን የሚያስተርፈው ከመንገዱ ክልል ውጭ በሲሚንቶ የተቀበረው፣ አናቱ ላይ ሚስማር ያለውና ቀይ ቀለም የተቀባው ምልክት ነው። በራፋችሁ ላይ ካለ እባካችሁ አትንቀሉት፣ አጥርም አትሥሩበት።

አማካሪዎችና ተቋራጮች ደግሞ በየፕላኑ ላይ ዞኑን፣ ዳተሙንና የርቀት ማስተካከያውን ይጻፉ። ርክክብ ላይ 100 ሜትር በቴፕ ለክቶ ከካርታው ቁጥር ጋር ማስተያየት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ከተለያየ ማስተካከያው ተረስቷል ማለት ነው።

የቅየሳ ባለሙያዎች፣ ከድሬዳዋ