የምስጋና መልእክት ለዊንጌት ልጆች፣ ይልቁንም ለአልጋ ጎረቤቴ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቴ ገብቻለሁ። ምን እንደደረሰብኝ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል። እንደምንም ግን ይኼን ራሴ መጻፍ ፈለግሁ።

መጀመሪያ ስለ አንድ ሰው ላውራ። ስሜን እንዳታነሣ ብሎ አስምሎኛል። እሺ፣ አላነሣም። አብረውን ዊንጌት የነበሩ ግን ሳልጨርስ ያውቁታል።

በ1958 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ለአዲስ አበባው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተመረጥኩ። ያኔ ትምህርት ቤቱ በስምንተኛ ክፍል ፈተና የበለጡትን ከየጠቅላይ ግዛቱ ለቅሞ ነበር የሚወስደው። አባቴ ስሙን ሲሰማ ዝም አለ። በ1933 ጎጃም ውስጥ ከአርበኞች ጋር ነበር፤ ጣሊያንን የሚወጋው የጌዴዎን ጦር ሲያልፍ እንግሊዛዊውን አዛዥ፣ ዊንጌትን፣ በዓይኑ አይቶታል። ሰውየው በመጋቢት 1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1944) በበርማው ዘመቻ ላይ ሳለ አውሮፕላን ተከስክሶበት ሞቷል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ በእንግሊዞች እገዛ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በስሙ ተጠራ። አባቴ ይኼን ሁሉ አልሰማም ነበር። «ለመሆኑ ደህና ነው ሰውየው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዛሬ የታክሲ ረዳት «ዊንጌት፣ ዊንጌት!» ሲል በሰማሁ ቁጥር የአባቴ ድምፅ ይመጣብኛል።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። መኝታ ክፍሉ ረጅም ነው፣ አልጋው ተደርድሯል፤ ከልጆቹ አንዱንም አላውቅም። ትግሬው፣ ወሎዬው፣ ሐረሬው፣ ከወለጋ የመጣው፣ ሁሉም በየቋንቋው ያንሾካሹካል። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ አለቅሳለሁ። ከጎኔ ካለው አልጋ አንድ እጅ መጣ። በጨለማው ውስጥ የሆነ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠና ተመለሰ። የበሶ ጭብጦ ነበር። እናቱ ለመንገድ የቋጠረችለት፣ ጨው የበዛበት፣ የደረቀ ጭብጦ። ስሙን ያወቅሁት ጠዋት ነው።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አልተለያየንም። እንግሊዝኛው ሲያቅተኝ እሱ ያስጠናኝ ነበር። መብራት ከጠፋ በኋላ መታጠቢያ ቤት ወስዶ፣ አምፖሉ ሥር አቁሞ፣ ጮክ ብለህ አንብብ ይለኛል። ስህተት ሳነብ አያርመኝም፤ እንደገና፣ ይላል። ራሴ እስካገኘው ድረስ እንደገና። ከማትሪክ ሌላ የለንደኑንም የጂሲኢ ፈተና ያለፍኩት በእሱ «እንደገና» ነው።

አሁን ደግሞ ሆስፒታል። እሱም እንደኔ ሰባ አልፎታል፤ ጉልበቱ ያመዋል፣ ምርኩዝ ይዟል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን አልቀረም። ሊፍቱ የተበላሸ ቀን አራት ፎቅ በእግሩ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ይሰማኛል። ቁጭ ብሎ ሳያርፍ ፔርሙሱን ይከፍታል። በሶ ነው፣ በማር የተበጠበጠ። ጭብጦ ማኘክ እንደማልችል ገብቶታል። በማንኪያ አጎረሰኝ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ስውጥ ያ የጨለማ እጅ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ነርሷ አመመው ብላ ሮጠች። እሱ ግን ገብቶታል። «እንደገና» ብሎ ማንኪያውን ሞላ።

ወንድሜ፣ ምን ልበልህ? የእናቴ ልጅ ይኼን አያደርግልኝም። ብድርህን አምላክ ይክፈልልኝ።

ሐኪሞቼንና ነርሶቼን፣ ሌሊት የጠበቁኝን ጭምር፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴና ልጆቼ፣ ለእናንተ የሚበቃ ቃል የለኝም። የሰፈሬ እድርተኞች፣ የንስሐ አባቴ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከለንደን ገንዘብ ያዋጣችሁ የድሮ የዊንጌት ልጆች፣ የላካችሁት ደርሷል፤ ለመድኃኒቱም በቅቷል።

ደም የለገሳችሁኝ ልጆች ግን አሉ፤ እናንተን በአንድ መስመር ማለፍ ከበደኝ። ግቢያችን የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ከሆነ ቆይቷል። ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። አንዳንዶቻችን «ዊንጌት ቀረ» እያልን እንተክዝ ነበር፤ እኔም ብዬዋለሁ። ደም ያስፈልጋል ሲባል ከዚያው ግቢ፣ የሥራ ቱታቸውን እንደለበሱ፣ ወጣቶች መጥተው ተሰለፉ። አንዱም አያውቀኝም። «የድሮ ተማሪያችን ነው» ብለው ነው የመጡት። ተማሪያችን! ዊንጌት ቀረ ማለቴን ዛሬ እነሱ ፊት እመልሳለሁ።

ይኼን ስጽፍ ያልመጡት ውል አሉኝ። እዚያ ረጅም ክፍል ውስጥ ካንሾካሾኩት ስንቶቹ ናቸው በ1969 እና በ1970 የቀሩት? ቢኖሩ ኖሮ አልጋዬን ከብበው በየቋንቋቸው ይጨቀጭቁኝ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር። ከዚህ በላይ አልችልም።

ስማችሁ ያልተጠራ ብዙ ናችሁ፤ አትቀየሙኝ። የአንዱን ስም እንዳልጠራ ተገዝቼ የሌላችሁን መዘርዘር አልሆነልኝም። ስልክ ደውላችሁ ያላነሣሁላችሁ፣ በር ላይ ደርሳችሁ ተኝቷል ተብላችሁ የተመለሳችሁ፣ ሁላችሁንም ነግረውኛል።

አንተ ደግሞ፣ ፔርሙስህ እኔ ዘንድ ቀርቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይፈላል። መጥተህ ውሰድ። ቤቴ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም።