ለአባቴ፦ ስለዚያ ስለማይሞቀው ብረት

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም፣ እናቴም፣ ባለቤቴና ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በጎቹም ደህና ናቸው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ውርጩ ዘንድሮ የጎዳው ባቄላውን ነው።

በስልክ የምናገረው ግማሹ ሳይሰማዎት ስለሚቀር፣ እርስዎ እህቴ ዘንድ ወዳሉበት ወደ ሊድስ የሚመለስ ሰው ሳገኝ ነገሩን በወረቀት ማስፈሩን መረጥሁ። የመሐል ሜዳን ውርጭ በአንድ ጋቢ የሚያሳልፉ ሰው እንግሊዝ አገር፣ ያውም ቤት ውስጥ ተቀምጠው በረደኝ ካሉ፣ ናፍቆት ነው ብሎ የሚያልፈው አይጠፋም። እኔ ግን ውሎዬ የፋብሪካ ቦይለር ቤት ነውና ክፍልዎን የሚያሞቀውን ብረት ጠረጠርሁ። ያልገባኝ ለእኔ ነግረው ለእህቴ መደበቅዎ ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርታ የምትገባ ልጅ አላስጨንቅም ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ማታ እርሷ ስትመጣ «ደህና ነኝ»፣ ጠዋት ለእኔ ሲደውሉ «እግሬ ደነዘዘ» ማለት ማንንም አይጠቅምም። የማሞቂያውን ፎቶግራፍ የላከችልኝም እኔ ስለወተወትኋት ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገርዎ፤ ሳያውቁት መንካት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ክፍሎቹን የሚያሞቃቸው ውሃ ነው። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነጭ ሣጥን ቦይለር ይባላል፤ በጋዝ ውሃ ያሞቃል። ፓምፕ ውሃውን እየገፋ በየክፍሉ ወዳሉት ብረቶች ይልከዋል፤ ሙቀቱን ለቆ የቀዘቀዘው በሌላ ቧንቧ ተመልሶ እንደገና ይሞቃል። ያው አንዱ ውሃ ነው ዓመት እስከ ዓመት የሚዞረው። እኔ የምሠራበት ፋብሪካ ቦይለር የሚልከው እንፋሎት ስለሆነ ጉልበቱ ሌላ ነው፤ ሆኖም ያም ሆነ ይህ፣ የሚዞረው ካልዞረ ሙቀት የለም።

እናም «ብረቱ ቀዝቃዛ ነው» ሲሉኝ መልሼ የምጠይቅዎ «የቱ ጋ?» ብዬ ነው። እጅዎን ከላይም ከታችም ያሳርፉበት፤ ግን ቀስ ብለው፣ ውሃው 60 ወይም 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ታቹ ሞቆ ላዩ ከቀዘቀዘ ውስጡ አየር አለ። አየር ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ወጥቶ ይጠራቀማል፤ ውሃው የእርሱን ቦታ አይይዝም። የእርስዎ መኝታ ፎቅ ላይ ነውና የቤቱ አየር ወደዚያ ቢሸሽ አይገርመኝም። እህቴ ማሞቂያውን ታጥፋውና ብረቱ ይብረድ። ከብረቱ ጫፍ በላይኛው ጥግ፣ አራት ማዕዘን ራስ ያላት ትንሽ መክፈቻ አለች፤ ለእርሷ የሚሆን ትንሽ ቁልፍ በየዕቃ መሸጫው ይገኛል። ከሥር ጨርቅና ኩባያ ይዘው ወደ ግራ ሩብ ዙር ያህል ያዙሯት፤ ነቅለው እንዳያወጧት። አየሩ እየተነፈሰ ይወጣል፤ ጆሮዎ ባይሰማው ጣትዎ ይሰማዋል። ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር ወዲያው ይዝጉ። ውሃው ጥቁር ሆኖ ቢሸት አይደንግጡ።

አየር በወጣ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳልና ቦይለሩ ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ ማየት ያስፈልጋል። ማሞቂያው በርዶ ሳለ ከ1 እስከ 1.5 ባር ቢያሳይ ጥሩ ነው። ከ1 በታች ከወረደ እህቴ በመሙያው ቧንቧ ቀስ እያለች ውሃ ትጨምር። ልኩን እንዳታሳልፍ፤ 3 ባር ገደማ ሲደርስ የአደጋ መከላከያው ቫልቭ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ውጭ ይደፋዋል። ሞልታው በሳምንቱ እንደገና ከወረደ ደግሞ አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዝም ብሎ መሙላት ቤቱን ማበላሸት ነው።

ላዩ ሞቆ ታቹ ከቀዘቀዘ ግን ነገሩ የእርስዎም የእህቴም አይደለም። ብረትና ውሃ አብረው ሲከርሙ ጥቁር ደቃቅ ዝቃጭ ይወጣቸዋል፤ ይህ ከታች እየተኛ የውሃውን መንገድ ይዘጋዋል። ባለሙያ ነው አጥቦ የሚያወጣው። ሲጨርስ ዝገት የሚከላከለውን መድኃኒት ውሃው ውስጥ ሳይጨምር እንዳይሄድ እህቴ ትከታተለው። እኛ ዘንድ ያልታከመ ውሃ ወደ ቦይለር አይገባም፤ በዚህ ጉዳይ ከአለቆቼ ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ፣ ዛሬም ቢሆን አልለቅም።

አሁን ፎቶግራፉ ላይ ወዳየሁት ልምጣ። ጋቢዎን ብረቱ ላይ ዘርግተውታል! እንዲሞቅልዎ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። ከብረቱ ጎን፣ ከታች በኩል፣ ቁጥር የተጻፈበት የሚዞር ራስ አለ አይደል? ውስጡ በሙቀት የሚያብጥ ሰም ወይም ፈሳሽ አለው። ክፍሉ ሲሞቅ ያብጥና ትንሽዬዋን ዘንግ ተጭኖ ውሃውን ይዘጋል፤ ክፍሉ ሲበርድ ተሸብሽቦ ይከፍታል። ጋቢው ሲሸፍነው ሙቀቱ ከሥሩ ይታፈናል፤ ራሱም ክፍሉ ሁሉ የሞቀ መስሎት ውሃውን ይዘጋዋል። እርስዎ ወንበር ላይ ይንቀጠቀጣሉ፣ ብረቱ ሥራዬን ጨረስሁ ብሎ ይተኛል። መጋረጃም፣ ተጠግቶ የቆመ ሶፋም ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ጋቢው ይነሣ። ቁጥሩንም 5 ላይ ስላደረጉት ቶሎ አይሞቅም፤ ቁጥሩ የሚነግረው ክፍሉ ምን ያህል ሲሞቅ ይብቃ የሚለውን ነው። 3 ላይ ሲሆን 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለእርስዎ 4 ቢሆን አልቃወምም።

ጋቢው ተነሥቶም ሁለመናው እንደ በረደ ከቀረ ያቺ ዘንግ ተጣብቃ ይሆናል። ክረምታቸው ሲያልፍ ማሞቂያው ለወራት ተዘግቶ ስለሚከርም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ባለ ቁጥሩን ራስ የእህቴ ባል በእጁ ፈትቶ ያንሣውና ዘንጓን በጠፍጣፋ ነገር ጫን ያድርጋት፤ ገብታ ተመልሳ ብቅ ማለት አለባት። በፒንሳ ይዞ መጎተት ግን ክልክል ነው፤ ከወጣች ውሃው ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። በሚመጣው በጋቸው ባለ ቁጥሩን ራስ እስከ መጨረሻው ከፍተው ይተዉት፤ ያኔ አትጣበቅም።

ሌላም አለ። ለቦይለሩ የሚቀርቡት ክፍሎች እየነደዱ የእርስዎ ለብ ብቻ የሚል ከሆነ የመስኖ ቦይ ነገር ነው፤ አፉ ላይ ያለው ማሳ ውሃውን ሁሉ ሲጠጣ ዳር ያለው ይደርቃል። ከብረቱ በሌላው ጎን ክዳን ያለው ሁለተኛ ቫልቭ አለ። ቅርብ ያሉትን በዚያ ትንሽ ጠበብ ማድረግ ሩቅ ላለው ያደርሳል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነውና ለቅዳሜ ይቆይ።

የቤቱ ብረት በሙሉ ከቀዘቀዘ እህቴ ማሞቂያውን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋውን ሰዓት መቁጠሪያ፣ የክፍል ሙቀት መቆጣጠሪያውንና ያንን የግፊት መለኪያ ትመልከት። ከዚያ አልፎ የቦይለሩን ክዳን ማንም እንዳይከፍት፤ እዚያ አገር የጋዝ ዕቃ የሚነካው የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው፣ ሕግም ነው። የተበላሸ የጋዝ ቦይለር የሚያወጣው መርዝ፣ በእኛ አገር በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። ድምፅ አሰምቶ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ቤቱ ውስጥ መኖሩን እህቴን ይጠይቁልኝ። የእርስዎ ጆሮ ላይሰማው ይችላልና ልጆቹ ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉ ትንገራቸው።

እናቴ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና በዚሁ መልእክተኛ ልካለች። ለጉልበትዎ ነው፤ ብረቱ ላይ ካየሁት ለእርሷ እነግራታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ማታ ለእህቴ ይስጧት። እሑድ ስደውል ሦስት ነገር ይንገሩኝ፦ ብረቱ የቀዘቀዘው ከላይ ነው ወይስ ከታች፣ ጋቢው ከተነሣ በኋላ ለውጥ አለው ወይ፣ መለኪያው ስንት ላይ ነው።

አክባሪ ልጅዎ