ስለ ሕክምናችን በራሳችን አንደበት ስለ መናገር

የተከበራችሁ አባሎቻችን፤

የክትትል ቀጠሮ የደረሰባችሁ ብዙዎች ስለሆናችሁ፣ ከሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባንና የምግብ መፈጨትን ከሚጎዳው የዘር ሕመም) ጋር የሚኖር ሰው ስለ ራሱ ሕክምና ሊናገር የሚገባውን ለማስታወስ እወዳለሁ።

ባለፈው ዓመት እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ምሳዬ ቀረበልኝ፤ የቆሽት ኢንዛይም እንክብሌ ግን መድኃኒት የሚታደልበት ሰዓት እስኪደርስ እንደማይሰጠኝ ተነገረኝ። እንክብሉ ከምግቡ ጋር ካልተወሰደ ስቡ ሳይፈጭ እንደሚያልፍና ሆዴን እንደሚቆርጠኝ ባስረዳም ሰሚ ስላጣሁ፣ ትሪውን ገፋ አድርጌ የክትትል ሐኪሜ እንዲጠራልኝ ጠየቅሁ። በማግስቱ እንክብሎቹ አልጋዬ አጠገብ እንዲቀመጡ ታዘዘ። ቁጣ አላስፈለገኝም፤ ይሉኝታን መተው ግን አስፈልጎኛል፣ በእኛ ዘንድ ከሐኪም ጋር መከራከር እንደ ድፍረት ይቆጠራልና።

የመድኃኒቶቻችሁን ዝርዝር ከነመጠናቸው በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ይኸው ሕመም ያለበት ሌላ ታካሚ ካለ፣ ጀርም እንዳትለዋወጡ ቢያንስ 2 ሜትር መራራቅ ስላለባችሁ ሌላ ክፍል ጠይቁ።

ልጃቸው ምልክቱ እያለበት «ይህ የነጮች በሽታ ነው» የተባሉ ወላጆች ደግሞ ከልጁ ቆዳ የሚወጣው ላብ እንዲመረመር አጥብቀው ይጠይቁ፤ የተለመዱትን የጂን ለውጦች ብቻ የሚፈትሽ ምርመራ በአፍሪካውያን ዘር ላይ የሚታዩትን ሊያልፋቸው ይችላል። በላብ ውስጥ ያለው ክሎራይድ (የጨው አንዱ ክፍል) በሊትር 60 ሚሊሞል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን በሽታው መኖሩን በብርቱ ያመለክታል።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ አስመዝግቡ፤ ታማሚውን ልጅ ራሱን አታስተርጉሙት።