በዱላ ሴንሰር ቁጥር ልጆች አይበላለጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር እናት ነኝ። የ13 ዓመት ልጄ ሶፍትቦል (ኳስ በዱላ የሚመታበት፣ ቤዝቦል መሰል ጨዋታ) ትጫወታለች። ዘንድሮ በቡድኗ ማን ቀድማ እንደምትመታ የሚወሰነው በዱላው እጀታ ጫፍ ላይ ተገጥሞ የዱላውን ፍጥነት በሚለካ ሴንሰር ሆኗል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ይህች ትንሽ ዕቃ ኳሱን የሚመታውን የዱላ ክፍል አታየውም። በውስጧ ያሉት አክስለሮሜትርና ጋይሮስኮፕ የእጀታውን እንቅስቃሴና ሽክርክሪት ይለካሉ፤ የቀረው ስሌት ነው። ስሌቱ ደግሞ ከሴንሰሩ ጋር በተገናኘው ስልክ ላይ በተመዘገበው የዱላ ርዝመት ይመራል። 31 ኢንች ዱላ ለያዘች ልጅ 33 ተብሎ ከተመዘገበ፣ አወዛወዟ ሳይለወጥ ቁጥሯ ከፍ ይላል። ልጆቹ ደግሞ በየልምምዱ ዱላ ይዋዋሳሉ! ሴንሰሩ ላልቶ ከተንቀጠቀጠም ንባቡ ይዛባል።

ዋናው የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ በ2024 የዱላ ፍጥነትን ለሕዝብ ማሳየት ሲጀምር የተጠቀመው በየስታዲየሙ የተተከሉ ካሜራዎችን ነው፤ አንዳንዶቹ በሰከንድ 300 ምስል ያነሳሉ። የሚለኩትም ከዱላው ጫፍ 6 ኢንች ገባ ብሎ ያለውን ቦታ ነው። ሌላ መሣሪያ ሌላ ነጥብ ከለካ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር አይቻልም።

አንዲት ልጅ በራሷ ዱላ የመጋቢቱን ከግንቦቱ ብታነጻጽርበት ሴንሰሩ ይጠቅማታል። ሁለት ልጆችን በሰዓት በ2 ማይል የፍጥነት ልዩነት ማበላለጥ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አሰልጣኞች ሆይ፣ ቢያንስ ከልኬቱ በፊት የእያንዳንዷን ዱላ ርዝመት አረጋግጡ።

የአንዲት ተጫዋች እናት፣ ሜሪላንድ