ዲዝኒላንድ ለማየት ቶኪዮ ለምትመጡ፦ መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ የሚባለው ሰፈር ነው። ጃፓን ካለነው ሀበሾች ብዙዎቻችን እዚሁ አካባቢ ስለሆንን ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ወሬው ከቤት ቤት ይዞራል። የእንግዳው የመጀመሪያ ጥያቄ «እንጀራ ይገኛል ወይ?» ነው። (ይገኛል።) ልጆች ይዞ ከመጣ ሁለተኛው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ዲዝኒላንድ መቼ ትወስደናለህ?»

ይህን የምጽፈው ዘንድሮም ስልኬ መጮህ ስለጀመረ ነው። ሁሉም ለፋሲካ መምጣት ይፈልጋል። ሁሉም ትኬቱን በር ላይ እንቆርጣለን ብሎ ያስባል። ሁለቱም አይሆንም። የመጀመሪያውን ስህተት እኔው ራሴ፣ ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ሠርቼዋለሁና አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ አክስቴ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። በዓሉን ቤት ዋልን፣ ዶሮው ተበላ፣ በማግስቱ ሰኞ ልጆቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ጃፓን ውስጥ በእኛ ከሚያዝያ 21 እስከ 27፣ በፈረንጆቹ ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5፣ በዓላት ተከታትለው የሚመጡበት ጎልደን ዊክ የሚባል ሰሞን አለ። ሚያዝያ 27፣ እኛ የአርበኞችን ቀን የምናከብርበት፣ እዚህ የልጆች ቀን ነው። የልጆች ቀን! በዚያ ዓመት እሑድ ስለዋለ ደግሞ በምትኩ ሰኞም ሥራ አልነበረም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፣ ያን ቀን የመረጥኩትም የኔ መሥሪያ ቤት ዝግ ስለሆነ ነው፣ ግን የኔ ከተዘጋ የሌላውም እንደሚዘጋ እንዴት እንዳልታየኝ እስካሁን ይገርመኛል።

ማይሃማ ጣቢያ ስንወርድ ጠዋት 4 ሰዓት ሆኗል። ከባቡሩ የወረደው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። እስከ ማታ ድረስ የተጫወትነው ሦስት ነገር ነው። ሦስት ብቻ። አንዱ ጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመናል፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ ተራችን ሊደርስ አምስት ሰው ያህል ሲቀር ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። አክስቴ ዙሪያውን አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ሥራ የለውም?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «በዓል ነው እኮ እትዬ» አልኩ። «ታዲያ በበዓል ለምን አመጣኸን?» እንግዲህ እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

ስለዚህ ከምንም በፊት ቀኑን ምረጡ። ብር ኖሯችሁ ቀኑ ከተበላሸ ብሩ ብዙም አያድናችሁም።

እኛ እረፍት የምናገኘው በራሳችን በዓላት ስለሆነ በዚያው ልሂድ። ፋሲካ ጎልደን ዊክ ላይ ካረፈ ጃፓንን ጎብኙ፣ ፓርኩን ግን ከሚያዝያ 27፣ ምትክ በዓል ካለም ከእሱ በኋላ ላሉት ቀናት አስተላልፉት። ገና ጥሩ ነው፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ግርግር እስኪያልፍ ብቻ ትንሽ ጠብቁ። በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ወጣቶች ለአካለ መጠን የደረሱበት በዓል አለ፣ ፓርኩ ያለባት የኡራያሱ ከተማ ደግሞ ሥነ ሥርዓቱን እዚያው ዲዝኒላንድ ውስጥ ነው የምታደርገው፤ ኪሞኖ የለበሱ ልጃገረዶችን ማየት ደስ ይላል፣ እናንተ ግን ሌላ ቀን ሂዱ። ለእኔ ዋናው ሰሞን የጥምቀት ሰሞን ነው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ካደረጋችሁት ሰልፉ በጣም ይቀላል። ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም። ቦታው ከባሕር ተደልድሎ የወጣ መሬት ስለሆነ ማታ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይገባል። በዚህ የብርድ ሰሞን አንዳንድ ጨዋታዎች ለጥገና ስለሚዘጉ ልጃችሁ የሚያልመው ነገር ያን ቀን ክፍት መሆኑን በፓርኩ ድረ ገጽ ላይ አስቀድማችሁ እዩ።

የእኛ ትምህርት ቤቶች ክረምት ላይ ሲዘጉ የጃፓኖቹም በሐምሌ አጋማሽ ይዘጋሉ። ከዚያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ሙቀቱና ሰዉ ተደምሮ አያስቀምጥም። ሰኔ ማብቂያ ወይም የሐምሌ መጀመሪያ ሳምንት ከቻላችሁ ዝናብ ነው፣ ግን ሰዉ ይቀንሳል። ጃንጥላ በሰልፍ መሀል ያስቸግራል፣ የፕላስቲክ ካፖርት ይበልጣል።

አሁን ወደ ትኬቱ። በር ላይ ትኬት አይሸጥም። በኢንተርኔት ነው የሚቆረጠው፣ ዋጋውም እንደ ቀኑ ይለያያል። ይህን ስጽፍ የአንድ ቀን ትኬት ለአዋቂ ከ7,900 እስከ 10,900 የን ነው። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። እዚህ ላይ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ የዋጋ ዝርዝሩን አይታችሁ ርካሹን ቀን ፈልጉ። እነሱ ሰው ይበዛል ብለው የሚጠብቁበትን ቀን ነው የሚያስወድዱት። ርካሽ ከሆነ ሰው የለም ማለት ነው፣ ሌላ ትንበያ አያስፈልጋችሁም።

ትኬቱ የሚለቀቀው ከሁለት ወር በፊት፣ በጃፓን ሰዓት ከቀትር በኋላ 2 ላይ ነው። ስለ ሰዓት ካነሳሁ የምወደውን ነገር ልናገር። ጃፓን አዲስ አበባን በ6 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ዝቅ አድርገን ነው የምንቆጥረው። ሁለቱ ሲገናኙ 12 ይሆናሉ፣ ማለትም በሀበሻ አቆጣጠር የተሞላ የአዲስ አበባ የግድግዳ ሰዓትና የቶኪዮ የግድግዳ ሰዓት ምንጊዜም አንድ ቁጥር ላይ ናቸው። ከእናቴ ጋር በቪዲዮ ስንደዋወል ከጀርባዋ የሚታየው የሳሎን ሰዓትና የኔ የኩሽና ሰዓት እኩል ነው የሚሉት። እሷ ጋ ሲነጋ እኔ ጋ እኩለ ቀን መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ የጃፓኖቹ 2 ሰዓት እናንተም ጋ 2 ሰዓት ነው፣ የጠዋቱ። ቡናችሁን እየጠጣችሁ ስልክ ላይ ተቀመጡ።

ክፍያው በካርድ ስለሆነ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ከሌላችሁ እዚህ ያለ ዘመድ ይቁረጥላችሁና ኮዱን በስልክ ይላክላችሁ። ቪዛችሁ ሳይመታ ግን አትቁረጡ። ገንዘቡ አይመለስም። ቀን መቀየር ይቻላል፣ ያውም ቦታ ካለ።

ከአዲስ አበባ በደረሳችሁ ማግስት አትሂዱ። ፓርኩ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ይከፈታል፣ ከዚያ በፊት በር የሚከፍቱበት ቀንም ብዙ ነው፣ ስለዚህ 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ መሆን አለባችሁ። ለዚያ 12 ሰዓት ላይ ብትነሱ ለሰውነታችሁ ገና ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ልጆቹ እስከ ቀትር ይቆማሉ፣ ከዚያ እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። ሁለት ሦስት ቀን እረፉ።

ስሙ ቶኪዮ ዲዝኒላንድ ይሁን እንጂ ቦታው ቺባ የሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። ሩቅ አይደለም፣ ከቶኪዮ ጣቢያ በኬይዮ መስመር 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ችግሩ ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ የዚህ መስመር መሳፈሪያ ከሌሎቹ በጣም ይርቃል። ሻንጣና ጋሪ ይዞ ከመሬት በታች መሄድ፣ መሄድ፣ መሄድ ነው። በሂቢያ የምድር ውስጥ ባቡር መምጣት ከቻላችሁ ሃቾቦሪ ላይ ቀይሩ፣ እግራችሁ ያመሰግናችኋል።

የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ሁለት ፓርኮች ናቸው ጎን ለጎን፣ ትኬታቸውም የተለያየ። ዲዝኒላንድ በፈረንጆቹ 1983 የተከፈተው ነው፣ ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው። ለትንንሽ ልጆች እሱ ይሻላል። ዲዝኒሲ በ2001 ተከፈተ፣ ውሃና መርከብ የሞላበት፣ አዋቂም የማይሰለችበት። በ2024 አዲስ ክፍል ጨምረውበታልና እነ ፍሮዝንን ለማየት ሰዉ ጠዋት ይሮጣል። ዲዝኒሲ የምትሄዱ ከሆነ ከሁሉ በፊት ወደዚያ። ወረፋ የሚያሳጥር ፕሪሚየር አክሰስ የሚባል አለ፣ በፓርኩ መተግበሪያ ከገባችሁ በኋላ የሚገዛ፣ ለአንድ ሰው ለአንድ ጨዋታ ከ1,500 እስከ 2,500 የን። አምስት ሆኖ ለመጣ ቤተሰብ ይጎዳል። እኔ አንዱን፣ ልጆቹ በጣም የሚፈልጉትን ብቻ ግዙ እላለሁ። የሁሉም ሰው ትኬት አንድ ስልክ ላይ ይሁን፣ ፓወር ባንክም አትርሱ፣ ስልኩ ከሞተ ቀኑም ሞተ።

ልጆቻችሁን ቤት ለኩ። ቢግ ተንደር ማውንቴን የሚባለው ባቡር 102 ሴንቲሜትር ይፈልጋል፣ ዲዝኒሲ ያለው ኢንዲያና ጆንስ 117። ሰልፉ መግቢያ ላይ መለኪያ አለ፣ ልመና አይሠራም። «ትንሽ ነው እኮ የጎደላት» አይባልም እዚህ። ሕፃን የያዛችሁ ደግሞ ለሠራተኞቹ ንገሯቸው፤ አንዱ ወላጅ ተጫውቶ ሲመለስ ሌላው እንደገና ሳይሰለፍ የሚገባበት አሠራር አላቸው።

ሰልፍን በተመለከተ አንድ የምናፍርበት ነገር አለ። እኛ አንድ ሰው «ቦታ ያዝልኝ» ተብሎ ይቆማል፣ በኋላ ስድስት ሰው ይቀላቀለዋል። ይህ እዚህ ነውር ነው፣ ደንቡም አይፈቅድም፤ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ ነው የምትሰለፉት። ማንም አይጮህባችሁም። ዝም ብለው ያዩአችኋል፣ እሱ ይብሳል። ሽንት ቤት መጀመሪያ፣ ሰልፍ በኋላ።

ምግብ። አክስቴ ያኔ ቦርሳቸው ውስጥ አንድ ላስቲክ ሙሉ ዳቦ ቆሎ ይዘው ነበር፣ በሩ ጋ ፍተሻ እንዳለም አልነገርኳቸውም። ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ግን ከበሩ ውጭ የያዙትን የሚበሉበት ቦታ አለ፣ ጠረጴዛና ወንበር ያለው። እዚያ ተቀመጥን። አጠገባችን ያለች ጃፓናዊት እናት ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ሩዝ ታበላለች፣ አክስቴ ለልጇ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ሰጡት፣ ልጁ አንድ በአንድ እያየ ቆረጠመ፣ እናቱ ደጋግማ እጅ ነሳች፣ አክስቴም መልሰው ነሱ፣ ማን መጀመሪያ ይቁም ተባለና ቆየን። ከዚያ ቀን ሁሉ ልጆቹ እስካሁን የሚያወሩት ይህን ነው።

ለጿሚዎች፣ ረቡዕ ሰው የሚቀንስበት ቀን ነው ግን ጾም ነው። አትክልት የሚመስለው ሾርባ ሁሉ የዓሣ መረቅ ሊኖርበት ይችላል፣ ጠይቁ። ዓሣ ለማይበላ የድንች ጥብስ ነው እንግዲህ። ፋንዲሻ በየማዕዘኑ በየጣዕሙ አለ፣ የካሪ ጣዕም ያለው ሳይቀር፣ ቅቤ ያለበትን ግን ለዩ። ለፋንዲሻ ሰው ይሰለፋል ብላችሁ ታምናላችሁ? ይሰለፋል።

ኦሳካ የምትሄዱ ልጆቻችሁ ማሪዮ የሚወዱ ከሆነ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ጃፓን ያለው እዚያ ነው። በፈረንጆቹ 2021 የተከፈተው የኒንቴንዶ ክፍል ሰው ሲበዛ የሰዓት ትኬት ይጠይቃል፤ የፓርኩን መግቢያ ይዘናል ብላችሁ አትዘናጉ።

አክስቴ ባለፈው ደውለው ነበር። በጥር ተመልሰው መምጣት ይፈልጋሉ፣ ልጆቹን ይዘው፣ ለጥምቀት ሰሞን። እንጀራውንም አልጋውንም እኔ እችላለሁ አልኳቸው። ትኬቱን ግን ትልቁ የልጅ ልጃቸው ኅዳር ላይ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሳሎኑ ሰዓት ሥር ተቀምጦ ይቆርጣል። ዳቦ ቆሎውንም እጥፍ አድርገው ያምጡ ብያለሁ።

አንባቢያችሁ
ከካትሱሺካ፣ ቶኪዮ